በሽምግልና የሚነበብ የልጅነት መዝገብ

በአገራችን ልማድ አንድ ሕፃን በእንግዳ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ጉንጩ ነው። ጉንጩ የሞላ እንደ ሆነ እናቲቱ ትመሰገናለች፤ የከሳ እንደ ሆነ ግን ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት ይመክራታል። ይህ ልማድ ከከንቱ የመጣ አይደለም። ረኀብና ወረርሽኝ በተደጋገመበት አገር የሕፃን ሥጋ ማለት ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ማለት ነበርና፥ አያቶቻችን ውፍረትን ከጤና ጋራ አንድ አድርገው ማየታቸው በኑሮ የተፈተነ ጥበብ ነበር። የልብ ሕመም፥ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ግን የሽማግሌና የባለጸጋ ዕጣ እንጂ ከሕፃን ስም ጋራ አብሮ የሚነሣ ነገር አልነበረም።

የሕክምና ሊቃውንትም ቢሆኑ እስከ ሃያኛው ምእተ ዓመት እኩሌታ ድረስ ያስቡት የነበረው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ በ1912 ዓ.ም. የልብን ጡንቻ የሚመግበው ደም ቅዳ በረጋ ደም ሲዘጋ በሽተኛው የሚያሳየውን ምልክት ገልጸው በጻፉ ጊዜ፥ ነገሩ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሚደርስ አደጋ ሆኖ ይታይ ነበር። የደም ቅዳ መደንደንም እንደ ፀጉር መሸበት የማይቀር የዕድሜ ግብር ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ይህ አሳብ እንዴት እንደ ተናወጠ፥ ምርመራውም ከሽማግሌው አልጋ ተነሥቶ እስከ ሕፃኑ አልጋ፥ ከዚያም አልፎ እስከ እናት ማሕፀን እንዴት እንደ ደረሰ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ለመተረክ አስበናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦር ሜዳ ነው። በ1950 ዓ.ም. በኮርያ በተነሣው ጦርነት ከአያሌ አገሮች የተውጣጡ ወጣቶች መዝመታቸውን፥ ከእነርሱም መካከል የእኛው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋራ ተሰልፈው መዋጋታቸውን የማያውቅ የለም። በዚያ ጦርነት ከወደቁት የአሜሪካ ወታደሮች መካከል የ300ውን አስከሬን ኤኖስ፥ ሆልምስና ባየር የተባሉ ሦስት ሐኪሞች መረመሩ። የሟቾቹ ዕድሜ በአማካይ 22 ዓመት ነበር፤ ሁሉም ለውትድርና ብቁ ናችሁ ተብለው የዘመቱ ጐልማሶች ነበሩ። ሐኪሞቹ የልባቸውን ደም ቅዳዎች ከፍተው በጥንቃቄ በተመለከቱ ጊዜ ግን ከመቶው በ77ቱ ላይ በዓይን የሚታይ የበሽታ ምልክት አገኙ። በአንዳንዶቹ ምልክቱ የደም ቅዳው ግድግዳ በመጠኑ ከመወፈር አያልፍም፤ በጥቂቶቹ ግን መተላለፊያው እስከ መዘጋት ደርሶ ነበር። ይህ ውጤት በ1953 ዓ.ም. ታትሞ በወጣ ጊዜ የሕክምናውን ዓለም አስደነገጠ።

እነዚህ ወጣቶች የሞቱት በጦር መሣሪያ እንጂ በልብ ሕመም አልነበረም። በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ያ ምልክት ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ድምፁን ሳያሰማ ከደረታቸው ውስጥ ተቀምጦ ይቈይ ነበር። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አልቀረም። በ22 ዓመት ይህን ያህል የደረሰ ነገር የጀመረው መቼ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከቀረቡት መልሶች አንዱ ከኒው ኦርሊንስ ከተማ መጣ። ራስል ሆልማን የተባሉ የአስከሬን መርማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው በልዩ ልዩ ምክንያት የሞቱ ሕፃናትንና ወጣቶችን መርምረው በ1958 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፥ ሦስት ዓመት ከሞላቸው ወዲያ ባሉት ሁሉ ከልብ በሚወጣው ታላቅ ደም ቅዳ ውስጥ ቢጫ የስብ መሥመር ተገኘ። እዚህ ላይ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ የስብ መሥመር ብቻውን በሽታ አይባልም። ከመሥመሮቹ አንዳንዱ ሳይጐዳ ይቀራል፤ አንዳንዱ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እያበጠና እየደነደነ ሄዶ የደሙን መንገድ ያጠብባል። ታዲያ በአንዱ ልጅ መሥመር ብቻ ሆኖ የሚቀረውን በሌላው ወደ በሽታ የሚለውጠው ምንድን ነው?

በዚያን ዘመን ለዐዋቂዎች የሚሆነው መልስ በመገኘት ላይ ነበር። ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ 5,209 ወንዶችና ሴቶች ተመዝግበው በየጊዜው ይመረመሩ ነበርና፥ የደም ግፊት፥ በደም ውስጥ የሚገኘው ኮሌስትሮልና ትንባሆ ማጨስ የልብ በሽታ ጠንቆች መሆናቸው ከዚያ ምርመራ በግልጽ ታወቀ። ነገር ግን የፍራሚንግሃም ተመዝጋቢዎች ሁሉ 30 ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ወንዙን ከወገቡ እንጂ ከምንጩ አላዩትም።

ወደ ምንጩ ከወረዱት ሰዎች ስማቸው ጐልቶ የሚነሣው ዶክተር ጄራልድ በረንሰን ናቸው። እኚህ ሐኪም የተወለዱት በሉዊዚያና ክፍለ ሀገር ቦጋሉሳ በምትባል፥ በእንጨትና በወረቀት ፋብሪካ በምትተዳደር አነስተኛ ከተማ ነው። በ1972 ዓ.ም. ታላቁን ምርመራቸውን ሲያቋቁሙም የመረጡት ይህችኑ የትውልድ ከተማቸውን ነበር። በከተማይቱ ነጮችና ጥቁሮች ይኖሩባት ስለ ነበር የሁለቱንም ወገን ልጆች በአንድነት ለመመርመር አመቸች። በ1973 እና በ1974 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምርመራ ወደ 3,500 የሚሆኑ ልጆች ቁመታቸውና ክብደታቸው ተለካ፤ የደም ግፊታቸው ታየ፤ ከደማቸውም ተወስዶ የስቡ መጠን ተመዘገበ። ጤነኛ ልጅን ከጨዋታው ጠርቶ እንደ በሽተኛ መመርመር እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ ሥራው ሳይቋረጥ በየጊዜው ተደጋገመ፤ ልጆቹም አድገው የልጆች ወላጆች ከሆኑ በኋላ እንኳ ምርመራው ተከተላቸው።

ከዚህ ትዕግሥት የተገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፥ ልጅ በልጅነቱ የያዘውን ረድፍ በቀላሉ የማይለቅ መሆኑ ነው። ከእኩዮቹ ይልቅ የደም ግፊቱ ወይም ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ልጅ ካደገ በኋላም ብዙውን ጊዜ በዚያው በላይኛው ረድፍ ይገኛል። ከልክ በላይ የወፈረውም እንደዚሁ ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው የወላጆች መጽናኛ ስለዚህ ዘወትር የሚታመን አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት እጅግ አሳዛኝ ከሆነ መንገድ የመጣ ነው። በዚያች ከተማ በአደጋና በልዩ ልዩ ምክንያት ገና በወጣትነታቸው የሚሞቱ ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፍ ከ2 እስከ 39 ዓመት ዕድሜ ሳሉ የሞቱ የ204 ሰዎች የአስከሬን ምርመራ ተገልጿል፤ ከእነዚህም የ93ቱ በሕይወት ሳሉ የተለካው መጠን በመዝገብ ተገኝቶ ነበር። ሁለቱን ሲያስተያዩት ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየ። ከጠንቆቹ አንዱም ያልነበረባቸው ሰዎች የልባቸው ደም ቅዳ ውስጠኛ ገጽ በስብ መሥመር የተሸፈነው ከመቶው 1.3 እጅ ብቻ ነበር። ሦስት ወይም አራት ጠንቅ የተደራረበባቸው ግን 11 እጅ ተሸፍኖ ተገኘ። ኮርያ ያነሣችው ጥያቄ በቦጋሉሳ መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። በሽታው የሚፋጠነው በዕድሜ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጠንቅ በጠንቅ ላይ ሲደራረብ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ መንገድ ተጓዙ። በፊንላንድ በ1980 ዓ.ም. ከ3 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 3,596 ልጆችና ወጣቶች ተመዝግበው እስከ ጐልማሳነታቸው ተከተሏቸው። በመጨረሻም የአሜሪካ፥ የፊንላንድና የአውስትራልያ ተመራማሪዎች መዝገቦቻቸውን አንድ ላይ አድርገው 38,589 ሰዎችን የሚመለከት ጽሑፍ በ2022 ዓ.ም. አሳተሙ። በልጅነት የታየው ውፍረት፥ የደም ግፊት፥ የደም ስብና በወጣትነት የተጀመረ ማጨስ፥ በጐልማሳነት ከሚደርሰው የልብና የደም ሥር በሽታ፥ ከሞትም ጭምር ጋራ የተያያዘ መሆኑ ተረጋገጠ። በአስከሬን የተጀመረው ምስክርነት በሕያዋን ሰዎች ታሪክ ተፈጸመ።

እስከዚህ ድረስ የተተረከው የጥጋብ ታሪክ ይመስላል። «ይህ ቅቤና ሥጋ የተትረፈረፈላቸው ሰዎች ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው መልስ የሚሆነው ከአንድ የእንግሊዝ አገር መዝገብ የተገኘ ነው። እኔም የዕለት ሥራዬ በመዝገብ ቤት ስለ ሆነ፥ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልቤን የነካው ይኸኛው መሆኑን አልሸሽግም።

በእንግሊዝ አገር ኸርትፎርድሺር በሚባል አውራጃ ኤቴል ማርጋሬት በርንሳይድ የተባሉ የአዋላጆች ተቈጣጣሪ ነበሩ። በእርሳቸው አመራር ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ አዋላጆች የእያንዳንዱን ሕፃን የልደት ክብደት ይጽፉ ነበር፤ ጤና ጠባቂዎችም በየቤቱ እየዞሩ ሕፃኑ ምን እንደሚጠባና እንዴት እንደሚያድግ፥ ዓመት ሲሞላውም ስንት እንደሚመዝን ይመዘግቡ ነበር። እነዚያ ሴቶች ይህን ሲያደርጉ ሐሳባቸው የሕፃናት ሞት እንዲቀንስ ነበር እንጂ ስለ ሽማግሌዎች ልብ አልነበረም። መዝገቡም ተከማችቶ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ተቀመጠ። በኋላ ግን ፕሮፌሰር ዴቪድ ባርከር በ1986 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በድሮ ጊዜ ብዙ ሕፃናት ይሞቱባቸው የነበሩት ድኻ የእንግሊዝ አካባቢዎች በኋላ ብዙ ሰዎች በልብ በሽታ የሚሞቱባቸው ሆነው መገኘታቸውን አመለከቱ። ማስረጃ ሲፈልጉም የኸርትፎርድሺርን መዝገብ አገኙ። ከ1911 እስከ 1930 ዓ.ም. የተወለዱትን 5,654 ወንዶች ተከትለው በ1989 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፥ በልብ በሽታ ብዙ ሞት የታየው ሲወለዱና ዓመት ሲሞላቸው ክብደታቸው ዝቅተኛ በነበረው ሰዎች ላይ ነበር። የወፈሩት ሳይሆኑ የከሱት!

ሌላው ምስክር ከሆላንድ ነው። በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. መካከል ባለው ክረምት፥ አገሪቱ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፥ በምዕራቡ ክፍል ባሉት ከተሞች ጽኑ ረኀብ ሆነ። በዚያን ጊዜ በማሕፀን የነበሩት ልጆች ወደ 50 ዓመት ሲጠጉ ተመርምረው በ1998 ዓ.ም. እንደ ተነገረው፥ ሰውነታቸው ስኳርን በሥርዓት የማስተናገድ ኀይሉ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ባርከርና ተከታዮቻቸው ነገሩን ሲያብራሩ፥ በማሕፀን ሳለ የተራበ ሰውነት ያለችውን ጥቂት ሲሳይ ለአንጐል እያደላ፥ ቆሽትንና ኩላሊትን በመሰሉት ላይ ቁጠባ ያደርጋል ይላሉ። ለችግር ዘመን የተዘጋጀ ሰውነት ኋላ ከጥጋብ ዘመን ጋራ ሲገናኝ ይጨነቃል። የሥጋና የስብ ሴሎች የኢንሱሊንን ትእዛዝ አልሰማ ሲሉ ቆሽት አብዝቶ ለማመንጨት ይደክማል፤ ሲሸነፍም ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል።

ይህ ዓይነቱ የስኳር በሽታ ቀድሞ «የዐዋቂዎች» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ስሙ አልገጠመውም። በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ በ1996 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ከ1982 እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ በልጆችና በወጣቶች ላይ በየዓመቱ አዲስ የሚገኘው የዚህ በሽታ መጠን አሥር እጥፍ ማደጉን ገለጸ። ከእኛው ወገን የሆነም ምስክር አለ። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች መካከል፥ ከገቡ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፎ ሳለ የስኳር በሽታ በብዛት መታየቱ በ1988 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፍ ተመልክቷል። ደሙ ያው ደም፥ ዘሩም ያው ዘር ነበር፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። በቈላና በደጋ በእግር ሲመላለስ የነበረ ሰው ተቀምጦ ዋለ፤ ጤፍና ባቄላ የለመደው ሆድም ከነጭ ዳቦና ከጣፋጭ መጠጥ ጋራ ተዋወቀ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በአገራችን የሕፃንን ልብ በማቍሰል ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀው ሌላ በሽታ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ይኸውም በጀርም የመጣ የጕሮሮ ቍስል ሳይታከም ሲቀር የልብን በሮች የሚያበላሸው ነው፤ በጊዜው ከተደረሰበት በፔኒሲሊን የሚገታ ነው። የምግብ እጦትም ገና ከብዙ ሕፃናት ደጅ አልራቀም። ነገር ግን አንዱ ችግር እስኪያልቅ ሌላው በተራ አይጠብቅም። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2022 ዓ.ም. ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው የዓለም ልጆች መካከል ከ390 ሚሊዮን የሚበልጡት ከሚገባ በላይ ክብደት ነበራቸው፤ ከእነዚህም 160 ሚሊዮኑ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። በከተሞቻችንም ምልክቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። እናቶቻቸው በድርቅ ዘመን የተወለዱ፥ እነርሱ ራሳቸው ግን ከተማሪ ቤት ደጃፍ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ገዝተው የሚጠጡ፥ ሜዳው ሁሉ ቤት ስለ ተሠራበት ኳስ መጫወቻ አጥተው ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት የሚውሉ ልጆች አሉን። ባርከር ከገለጹት አደጋ፥ ረኀብና ጥጋብ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ተከታትለው ከሚመጡበት፥ ይህ ምን ያህል ይርቃል?

ስለዚህ በልጅ ላይ የምንጨክንበት ምክንያት የለም። የሚያድግ ልጅ ወፈረ ተብሎ ማዕዱ አይጐድልበትም፤ በጓደኞቹ ፊትም በሰውነቱ አይዋረድም። መለወጥ ያለበት ልጁ ብቻ ሳይሆን ቤቱና ሰፈሩ ነው። ይህም የሚቻል መሆኑን የፊንላንድ ምሥራቃዊ አውራጃ ሰሜን ካሬሊያ አስረድታለች። በዚያ የልብ በሽታ ጐልማሶችን ስለ ፈጀ ሕዝቡ ራሱ ለመንግሥቱ አቤት ብሎ፥ በ1972 ዓ.ም. በዶክተር ፔካ ፑስካ መሪነት ታላቅ ሥራ ተጀመረ። ቅቤው ተቀነሰ፤ ጨው ተመጠነ፤ አትክልት ከማዕድ ላይ ወጣ፤ ማጨስ ተወገዘ። ባለላሞቹ ገበሬዎች እንኳ አንዳንዶቹ ፍሬ ወደ መትከል ዞሩ። በአርባ ዓመት ውስጥ ለሥራ በደረሱ ወንዶች ላይ በልብ በሽታ የሚደርሰው ሞት ከመቶው ከ80 እጅ በላይ ቀነሰ። የአሜሪካ ወታደሮችም አስከሬን እንደ ገና ይመሰክራል። በኮርያ 77 የነበረው እጅ፥ በቬትናም ጦርነት ከሞቱት መካከል በ1971 ዓ.ም. እንደ ተጻፈው 45 ሆነ፤ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ከሞቱት መካከል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. እንደ ታተመው 8.5 ብቻ ሆነ። የአመራመሩ ስልት በየጊዜው ስለሚለያይ ቍጥሮቹን እንደ አንድ ሚዛን ማየት አይገባም፤ ቢሆንም የትንባሆ መቀነስና የኑሮ መታረም ፍሬ እንዳፈራ ማንም አይክድም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ቃላችን ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። ቅጠሉም በእጃችን ያለ ነው። ለነፍሰ ጡር እናት በቂ ምግብ፥ ለሕፃን የእናት ጡት፥ ለተማሪ በቀን 60 ደቂቃ ሩጫና ጨዋታ፥ በለስላሳ ምትክ ውኃ፥ ከትንባሆ የጸዳ ቤት፥ በጤና ጣቢያም የልጅን ክብደትና የደም ግፊት ለክቶ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ከዚህ አብዛኛው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው አሳብና ትጋት ነው።

የኸርትፎርድሺር አዋላጆች በጨለማ ማለዳ ሕፃን መዝነው አንዲት መሥመር ሲጽፉ፥ ያች መሥመር ከሰባ ዓመት በኋላ ለዓለም ትምህርት ትሆናለች ብለው አላሰቡም። እኛም ዛሬ በልጆቻችን ገበታ ላይ በምናስቀምጠው በእያንዳንዱ ነገር መሥመር እየጻፍን ነው። መዝገቡ የሚነበበው ግን እኛ በሌለንበት፥ እነርሱ በሸመገሉ ጊዜ ነው።